ጥብስ የከለከለችው አማት

የሕፃኑ ከንፈር ተሰንጥቋል። ገና ሆድ ውስጥ ነው፤ አልትራሳውንዱ ነው ያሳየው።

አንዲት አማት ይኼን ስትሰማ በልቧ «እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት» አለች። ለምን? በሁዳዴ ምራቷ ጥብስ አማራት፤ እሷ ደግሞ «በጾም? ቻይው!» አለቻት። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ልጁ ምልክት ይዞ ይወጣል ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እሷም ሰምታለች።

የአልትራሳውንዱን ፎቶ ጎረቤት እንዳያይ ፍራሽ ሥር ወሸቀችው።

ፋሲካ አለፈ። ጠዋት ጥብስ። ማታ ጥብስ።

«እማዬ፣ በቃኝ!» ትላለች ምራቷ።

«ብዪ፣ ይገጥማል!»

«ምኑ?»

አማቲቱ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ሐኪሟ ዶክተር ፍሬወይኒ መሣሪያውን ምራቲቱ ሆድ ላይ እያንሸራተተች ሳለ አማቲቱ አላስቻላትም።

«ዶክተር፣ ጥብሱ ገጠመው?»

«የምን ጥብስ?»

ሁሉንም ዘረገፈችው። ምራቷ ሳቀች፤ ሆዷ ሲናጥ ምስሉ ጠፋ።

«እማማ፣ ከንፈር የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው» አለች ዶክተሯ። «ሁዳዴ ሳይገባ ያለቀ ነገር ነው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የእሷም አይደለም። ከተወለደ በኋላ በቀዶ ጥገና ይሰፋል። አሁን እዚህ ይዩ። ይኼ የራስ ቅሉ ወለል ነው፤ አንጎሉ የሚያርፍበት። ካለፈው አድጓል። ደህና አድርጎ እያደገ ነው።»

«ከንፈሩ እንዲህ ሆኖ?»

«እንዲህ ሆኖ።»

አማቲቱ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ኧረ እማማ፣ ገና አልተወለደም!»

«ሲወለድ እደግመዋለሁ!»

ወገኖቼ፣ ስንጥቁን ሁላችንም አየን። ወለሉንስ ማን አየ? እናንተ «ምን በድለን ነው?» እያላችሁ ስታለቅሱ፣ እግዚአብሔር እዚያ ጨለማ ውስጥ ሥራውን አቁሞ ነበር? አላቆመም!

ስንቶቻችሁ ናችሁ ላላጠፋችሁት ጥፋት ጠዋት ማታ ጥብስ የምትጠብሱ? ትዳራችሁ ላይ አንድ ስንጥቅ አያችሁ፤ ደበቃችሁት። ልጃችሁ ላይ አያችሁ፤ ደበቃችሁት። አብሮ ያደገውንም ፍራሽ ሥር ከተታችሁት። የሚሰፋው ይሰፋል። እናንተ ግን ያደገውን እዩ እንጂ!

አማቲቱማ ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አዲሱን ፎቶ አወጣች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ለማታውቃት ሴት፣ ከንፈሩን በጣቷ እያሳየች፣ «የልጅ ልጄ ነው» አለቻት።