ደሴቷን መጀመሪያ የረገጠ ማን ነው?

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ! ጣና ላይ፣ ከወደብ ራቅ ብላ፣ ዓሣ አጥማጆች ብቻ የሚኖሩባት አንዲት ሚጢጢ ደሴት ነበረች። እዚያ እንጉዳይ የምትባል ጠያቂ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን፣ «እዚህ መጀመሪያ የመጣው ሰው ማን ነው?» አለች። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌው አያ ውባንተ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ልጃቸው ሰሞኑን ከተማ ሊወስዳቸው ነው። እንጉዳይ ጨነቃት፤ ታሪኩ አብሯቸው ሊሄድ ነዋ!

እየሮጠች ሄደች። «አያ ውባንተ፣ ይንገሩኝ!»

«ይህ ታሪክ ውሃ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይወራም። ታንኳ አምጪና እነግርሻለሁ።»

ታንኳው ግን፣ «የተሠራሁበት ደንገል በስብሷል፤ አዲስ ካልታጨደልኝ አልሸከምም!» አለ።

«ደንገል፣ ታጨድልኝ! ታንኳው አይሸከም፣ አያ ውባንተ አይናገሩ!»

«ጉማሬ ተኝቶብኛል፤ አልታጨድም!» አለ ደንገሉ።

«ጉማሬ፣ ተነስልኝ! ደንገሉ አይታጨድ፣ ታንኳው አይሸከም፣ አያ ውባንተ አይናገሩ!»

«ጀርባዬን አልቅት ይዞኛል። ወፏ መጥታ ካልለቀመችልኝ ንቅንቅ አልልም!» አለ ጉማሬው።

«ወፊት፣ ነይልኝ! ጉማሬው አይነሳ፣ ደንገሉ አይታጨድ፣ ታንኳው አይሸከም፣ አያ ውባንተ አይናገሩ!»

«ጫጩቶቼ ዓሣ ሳይበሉ? የትም አልሄድም!» አለች ወፏ።

«መረብ፣ ያዝልኝ! ወፏ አትመጣ፣ ጉማሬው አይነሳ፣ ደንገሉ አይታጨድ፣ ታንኳው አይሸከም፣ አያ ውባንተ አይናገሩ!»

«ተቀድጃለሁ፤ አልይዝም!» አለ መረቡ።

ማን ቀረ? እናቷ ደብሬ። ትንፋሽ ያላችሁ አብራችሁኝ በሉ!

«እምዬ፣ ስፊልኝ! መረቡ አይዝ፣ ወፏ አትመጣ፣ ጉማሬው አይነሳ፣ ደንገሉ አይታጨድ፣ ታንኳው አይሸከም፣ አያ ውባንተ አይናገሩ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አንቺ ዟሪ!» አለች እናቷ። «መረብ አንዱ ሲወጥር ነው ሌላው የሚሰፋው። ስንቴ ወጥሪልኝ አልኩሽ? እስቲ አንዴ ቁጭ በይ!»

እንጉዳይ ቁጭ አለች፣ ወጠረች። እናቷ ሰፋች፣ መረቡ ያዘ፣ ጫጩቶቹ በሉ፣ ወፏ መጣች፣ ጉማሬው ተነሳ፣ ደንገሉ ታጨደ፣ ታንኳው ተሸከመ፣ አያ ውባንተ ተናገሩ!

«ሴት ናት። ከወዲያ ማዶ ቆማ፣ ‹እዚያ ምን አለ?› ብላ ጠየቀች። ሁሉም ‹ምንም የለም› አሏት። አላመነቻቸውም፤ ቀዝፋ መጣች። ዓሣው ለጉድ ነው! ተመልሳ ዘመዶቿን አመጣች። እኛ የእሷ ልጆች ነን።»

«ስሟስ?»

አያ ውባንተ መቅዘፋቸውን አቆሙ። «ስሟን እንኳ እኔም አልጠየቅሁ፤ የነገሩኝም አልጠየቁ» አሉ አፍረው።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» እንጉዳይ ተናደደች። «ያን ያህል ቀዝፋ መጥታ ያለ ስም ትቅር? እስኪገኝ ድረስ የእኔን ትያዝ!»

ዛሬ እዚያች ደሴት ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ «መጀመሪያ የመጣችው እንጉዳይ ናት» ይሏችኋል። ብትከራከሩ ማንም አይሰማችሁም።