ስለ ጨረቃ የጠየቀችው የሻረግ

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ሰማዩ እንደጠራ ነው። አንድ ዝምተኛ ገበሬ ለወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ፣ በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቶ ትምህርት ቤት ሄደ። ሳይንስ የሚያስተምሩት ርዕሰ መምህር በተሰበሰቡት ወላጆች ፊት አቆሙት።

«ልጅህ የሻረግ ጥያቄ አበዛች!» አሉ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። «‹ጨረቃ በጠራራ ፀሐይ ለምን ትታያለች?› ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። ሁለተኛ አልጠይቅም ብላ እዚህ ወረቀት ላይ ትፈርም፤ አለዚያ ይዘሃት ሂድ!»

ገበሬው ወረቀቱን ፊደል በፊደል አንብቦ መለሰላቸው።

«መምህር፣ እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የከብት ገበያ ግን አውቃለሁ። በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ደህና በሬ የያዘ ሻጭ ‹እንዳሻህ እይ› ይላል። ‹አፉን እንዳትነካብኝ!› ብሎ የሚቆጣ ከገጠመን፣ በሬው እንዳረጀ ሳናየው እናውቃለን።»

ወላጆቹ በሳቅ አውካኩ። የርዕሰ መምህሩ ፊት መጀመሪያ ቀላ፤ ኋላ ግን እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸውና ወረቀቱን ቀደዱት።

ገበሬው የዚያን ቀን እርሻውን ትቶ ለመዋል ወሰነ። ደጅ ስትጠብቅ የነበረችውን የሻረግን እጇን ይዞ ክፍል አስገባትና፣ መልሱን ለመስማት እሱም ስለጓጓ አጠገቧ ተቀመጠ።