ቅቤ የዋጡት የእስስት ልጆች

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ምላሱን የሚበላው ደጅ ይቆይ።

አንጓችን የበደለቻት የውብዳር ናት። ምን አደረገቻት? ሰደበቻት? አልሰደበቻትም። መታቻት? አልመታቻትም። ከእርሷ ይልቅ ተመሰገነች። ከዚህ የባሰ በደል አለ?

ነገሩ የሆነው በድሮ ዘመን ነው፤ አውሬው እንደ ሰው ሲናገር፣ ሰውም አንዳንዴ ዝም ማለት ሲያውቅ። አንጓች የቀዬው አዋላጅ ነበረች። በዚያ ቀዬ ያለ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያዋን ቅቤ የዋጣት ከአንጓች ጣት ላይ ነው። ሴት ምጥ ሲይዛት «አንጓች ትጠራ!» ነው። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው የውብዳር ደግሞ አልወለደች፣ አላዋለደች። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች፤ ዝም ብላ።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ፣ አንዲት እስስት ሦስት ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ በአጥሩ ላይ መጣች። ልጆቹ ከሕፃን ጣት አይበልጡም። ዓይናቸው ሰርጉዷል፤ ቆዳቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ተኮማትሯል።

አንጓች አየቻትና በሯን ከፈተች። እጇን ታጠበች። ቅቤዋን አወጣች። እስስቲቱ አንድ እግሯን አነሣች፤ አሰበች፤ አሳረፈች። ሌላውን አነሣች፤ አሰበች፤ አሳረፈች። እንዲህ እያለች የአንጓችን በር አለፈች። ለማለፍ ግማሽ ቀን ፈጀባት። አንጓችም ግማሽ ቀን ሙሉ በሯ ላይ ቆማ ስትታለፍ ዋለች!

«ወዴት ነው?» አለቻት፣ ትዕግሥቷ ቢያልቅ።

«የውብዳር ቤት።»

«አዋላጇ እኔ ነኝ!»

«ሰምቻለሁ፣ እመት አንጓች።»

«ታዲያ እርሷ ስለ ልጅ ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም። ስለዚህ ትጠይቀኛለች። አንቱ ግን ሳይጠይቁ ያውቃሉ።»

ይህች ቃል አንጓች ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ገባች።

በመጀመሪያው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። የውብዳር እፍኝ ሣር ውኃ ውስጥ እየነከረች ልጆቹ በሰፈሩበት ቅርንጫፍ ቅጠል ላይ ታርከፈክፋለች። ልጆቹ ጠብታውን ከቅጠሉ ይልሳሉ። አንጓች ሳቀች። «በውኃ ጠብታ ልጅ ሲያድግ ዛሬ ገና አየሁ!»

በሁለተኛው ቀን አጮለቀች። የውብዳር የበሰበሰ ሾላ ከቅርንጫፉ ሥር አኑራለች። ትንኙ ሾላውን ብሎ ይመጣል፤ ልጆቹ ምላሳቸውን እየሰደዱ ትንኙን ይለቅማሉ። አንጓች ሳቀች። «ይህን ለሕፃን? ለአህያም አይሰጥ!»

በሦስተኛው ቀን አጮለቀች። የውብዳር ልጆቹን በሦስት ቅርንጫፍ ለያይታ ፀሐይ ላይ አውጥታለች፤ በመካከላቸው ቅጠል ጋርዳለች። እስስቲቱ ናት የነገረቻት፤ «እንዲህ ደክመው እርስ በርስ ከተያዩ ይቀናናሉ፤ የቀና ደግሞ እህል አይወርድለትም» ብላ። ልጆቹ ለምልመው አረንጓዴ ሆነዋል። በዚህ ቀን አንጓች አልሳቀችም። ራቷንም አልበላች።

ሰው ይህን ለማየት ጎረፈ። «የውብዳር እጅ መድኃኒት ነው!» ተባለ። የሽማግሌው የአያ ጓንጉል ምራት ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበርና፣ ስትመለስ አንጓች ደጅ ቆም አለች።

«እመት አንጓች፣ አይክፋዎትና፣ ስወልድ የውብዳር ብትቀበልልኝ ብዬ አሰብሁ።»

«ትቀበልልሽ! ለአራስ ጥሪሽም የበሰበሰ ሾላ ታቅርብልሽ!» አለቻት።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ፈርታለች። መሬት የላት፣ በሬ የላት። አንጓች ያላት ስሟ ብቻ ነበር። እርሱ ከሄደ ምን ይቀራታል?

የገበያው ቀን ደረሰ። የውብዳር ፈትሏን ይዛ ወጣች። እስስቲቱም ምግብ ፍለጋ ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ነበረች። አንጓች አጥሩን ነቅንቃ ገባችና ሦስቱንም ልጆች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደች። ልትገድላቸው አልነበረም፤ ልትበልጥ ነው እንጂ። «በአንድ ቀን አወፍራቸዋለሁ፤ የማን እጅ እጅ እንደሆነ አገር ያያል» አለች።

አጠበቻቸው። በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። ቅቤ አስዋጠቻቸው። ምች እንዳይመታቸው ብላ ከፀሐይ ሸሽጋ፣ ሦስቱንም አንድ ሙዳይ ውስጥ አስተኛቻቸው።

አንደኛው ጠቆረ። «ደም ገባለት!» አለችና ቅቤ ጨመረችለት።

ሁለተኛው አፉን ከፍቶ ተነፋባት። «ራበው!» አለችና ቅቤ ጨመረችለት።

ትንሹ ዓይኑን ጨፈነ። «ተኛልኝ፣ ተመስገን!» አለች።

እስስት ግን በቀን አይተኛም። በጠራራ ቀን ዓይኑን የጨፈነ እስስት ሊሞት ነው። ይህን አንጓች አታውቅም፤ ጠይቃ አታውቅማ!

የውብዳር ከገበያ ብትመለስ ቅርንጫፉ ባዶ ነው። እስስቲቱ በሐዘን አመድ መስላለች። አያ ጓንጉል መንደርተኛውን ሰበሰቡ። «ማን ወሰደ?» አሉ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አለ። አንጓችም «እኔ አይደለሁም!» አለች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ። ሁሉም ዓይኑን ወደ እርሷ ጣለ፤ ግን በዚያ አገር የአዋላጅ ቤት አይፈተሽም። የሴቱ ሁሉ ምሥጢር እዚያ ነውና ነውር ነው። ማን ደፍሮ ይግባ?

የውብዳር አንጓችን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ያቺ ዝምተኛ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ወይ እነዚያ ልጆች! የወሰዳቸው ሰው መቼም የልጅ ወግ አያውቅ። አላጠባቸውም ይሆናል።»

አንጓች ከንፈሯን ነከሰች።

«በጨርቅም አልጠቀለላቸው ይሆናል።»

አንጓች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«ቅቤማ የት አውቆ! አንዲት ጣት ቅቤ ሳያስቀምስ ይገድላቸዋል፣ ያ የማይረባ እጅ!»

«ማነው የማይረባው?» ብላ አንጓች ፈነዳች። «አጥቤያቸዋለሁ! ጠቅልያቸዋለሁ! ሦስት ሦስት ጊዜ ቅቤ አስውጫቸዋለሁ! ይህ እጅ እኮ...»

እጇን ሽቅብ እንደዘረጋች ቀረች።

«በይ አምጪያቸው» አሉ አያ ጓንጉል።

ሙዳዩ ወጣ። የውብዳር ቅቤውን በጥጥ ከአፋቸው ጠረገች፤ ለያይታ ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው፤ ቅጠሉን አራሰችላቸው። ሁለቱ ቀስ ብለው ነፍስ ዘሩ። ትንሹ ግን አልነቃም። አንጓች ቆማለች፤ የሚያናግራት የለም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ትንሹ አንድ ዓይኑን ከፈተ፤ ያችኑ ጠብታ ላሰ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

አያ ጓንጉል ፈረዱ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ እመት አንጓች። ጎረቤትሽን ንቀሻል። እነዚህ ልጆች እስኪያድጉ ድረስ በዚህ ቀዬ አዋላጅ ተብለሽ አትጠሪም። የምራቴንም ልጅ ሌላ እጅ ይቀበለዋል።»

አንጓች ባዶ ሙዳይዋን አንሥታ ቤቷ ገባች።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ልጆቼ። የጎረቤትን ምስጋና በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ቤት ቢያስገቡት፣ እዚያው ዓይኑን ይጨፍናል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንጓች በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ገባች። እፍኝ ሣር ውኃ ነክራ ቅጠሉን አንድ ባንድ አርከፈከፈች። ልጆቹን በጣቷ አልነካቻቸውም። የውብዳር ዓይኗን እያሸች ስትወጣ፣ አንጓች «ዘገየሽ፤ ልጆቹ ተጠምተው ነበር» ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ ዘወር አለችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሾላው... ምን ያህል ነው መበስበስ ያለበት?» ብላ ጠየቀቻት።