ባዶዋ የጳጉሜ ገጽ

በአንድ ወቅት፣ ካልተሳሳትኩ ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ ልንሻገር ጥቂት ቀናት ሲቀሩን የሆነ ነው። በአንዲት የባሌ ደጋ ከተማ አቶ ምንዳዬ የሚባሉ ጡረተኛ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ታሪካቸውን የሰማሁት ከሦስት ሰው ሲሆን ሦስቱም አንድ ዓይነት አላወሩልኝም። የአንዱን ቀን ወይም የአንዱን ቃል አዛብቼ እንደሆነ ሰሚ ይቅር ይበለኝ። ዋናውን ነገር ግን አልሳትኩትም ብዬ አምናለሁ።

በእኚህ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ በየዓመቱ በእጅ የተሠራ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀል ነበር። ነገሩን የጀመሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ታይፒስትነት የጨረሱ፣ መስመር የተጣመመ እንደሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ነበሩ። ነሐሴ ሲጋመስ አሥራ ሦስት ካርቶን ይቆርጣሉ፣ በእንጨት ማስመሪያቸው ያሰምራሉ፣ የሥራውን ቀን በሰማያዊ፣ በዓሉን በቀይ ይጽፋሉ። ከላይ በኩል ፎቶግራፍ ይለጥፉና በሲባጎ ያስሩታል። ፎቶውን የሚያመጡት ልጆቻቸው ነበሩ። በየሄዱበት አገር ያዩትን ተራራ፣ ወንዝና ሜዳ አንስተው፣ አሳጥበው ይልካሉ።

ሕጉ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ፎቶው ከወሩ ጋር መስማማት አለበት። ለሐምሌ ደረቅ ሜዳ፣ ለየካቲት ጭጋግ አይለጠፍም። ሁለተኛው፣ በፎቶው ውስጥ ሰው አይገባም። «ሰው ከገባ ጠብ ይገባል። እኔ ለምን በሰኔ፣ እሷ ለምን በመስከረም ትባባላላችሁ» ይሉ ነበር ወይዘሮ ትርንጎ።

አሥራ ሦስተኛዋ ገጽ፣ የጳጉሜዋ፣ ግን አንድም ጊዜ ፎቶ ኖሯት አያውቅም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። አቶ ምንዳዬ በግንቦት አግብተው፣ ክረምቱ ሲያልቅ ሙሽራቸውን ወደ ሥራ ቦታቸው ይዘው ሲጓዙ፣ የጫናቸው የእህል መኪና ወንዝ ሞልቶበት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ቆመ። ያን ዓመትም ዘመኑ ሉቃስ ነበር። አንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር፣ ብቻውን በቆመ ዝግባ ሥር፣ የተኛ ጥጃ ከሚመስል ድንጋይ አጠገብ ሸራ ወጥረው አረፉ። ያጋቧቸው ሽማግሎች ስለነበሩ፣ እስከዚያ ድረስ «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ከመባባል ያለፈ ወግ በመካከላቸው አልነበረም። በሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ዝናቡ ሲወርድ ሙሽራዋ እንደ ወጉ ልትጠመቅበት ከሸራው ወጣች። ሙሽራው ብርድ ይመታታል ብሎ ሸራውን ነቅሎ ተከተላት። እሷንም ከዝናቡ ሳያስጥል ጓዙ ሁሉ በሰበሰ። ያኔ ሳቀች። አቶ ምንዳዬ የሚስታቸውን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እዚያ ነው።

«ያንን ቦታ ዳግም ሳላይ ጳጉሜ ላይ ሌላ አልለጥፍም» ብለው ነበር ወይዘሮ ትርንጎ። በየዓመቱም እንሄዳለን ይባላል። አንድ ዓመት ልጅ ታመመ፣ አንድ ዓመት መንገድ ተበላሸ፣ በቀሩት ዓመታት አቶ ምንዳዬ «ለከርሞ» አሉ። በኅዳር ወይዘሮ ትርንጎ አረፉ። የቦታውን ስም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባልየው በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ስሙም እንደ ባለቤታቸው ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ያለ መስሏቸው ነበር።

በፋሲካ ልጆቹ ተሰብስበው ሳለ አባትየው የእናትየዋን ማስመሪያ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መስመር ማስመር እንደማይሆንላቸው ነገሯቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ያንን ቦታ ያመጣልኝ ጳጉሜ ላይ በእጁ ይለጥፍ። ማስመሪያውም የእሱ ነው። ከእንግዲህ የዚህን ቤት ቀን የሚጽፈው እሱ ይሆናል።»

ልጆቹ ሦስት ናቸው። እቴነሽ፣ ታላቋ፣ አሰላ መምህርት ናት። ንጋቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ታናሿ ውቢት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ከአባቷ ጋር የምትኖረውም እሷ ናት።

ነሐሴ ሲያልቅ ተሰበሰቡ። አርባ የሚያህል ፎቶ አልጋ ላይ ተዘረጋና አቶ ምንዳዬ መነጽራቸውን አድርገው ለመምረጥ ተቀመጡ። ገና ከመስከረም ግራ ገባቸው። የንጋቱ ፎቶ ሁሉ በመኪና መስታወት ውስጥ የተነሣ ስለሆነ በየተራራው ላይ ስንጥቅ አለበት። በእቴነሽ ፎቶ ሐይቁ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። «ይኸ ውሃ እስካሁን አልፈሰሰም?» አላት ንጋቱ። «ያንተ ሰማይ ተሰንጥቆ የቆመውን ያህል ይቆማል» አለችው። የውቢት ደግሞ በአብዛኛው ጣቷ አለበት። አባትየው ለጥር የጭጋግ ፎቶ ያነሡና «ትርንጎ ብትሆን...» ብለው ይመልሱታል። እንደምንም አሥራ ሁለቱ ወር ሞላ። አሥራ ሦስተኛዋ ቀረች።

መጀመሪያ ንጋቱ አወጣ። ከፋሲካ ወዲህ በቆመበት ሁሉ ዝግባ ያለበት ሐይቅ ሲጠይቅ ከርሟል። ሲነገረው የጫነውን ጭነት መንገድ ላይ አቁሞ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዷል፤ ለዚህም ከአሠሪው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። በፎቶው ላይ ትንሽ ሐይቅ አለ። ብቻውን የቆመ ዝግባ አለ። ከዝግባው ሥር የተኛ ጥጃ የሚመስል ድንጋይ አለ። አቶ ምንዳዬ ገና ሲያዩት «ይኸ ነው» አሉ። ሸራው የተወጠረበትን፣ መኪናው የቆመበትን፣ ትርንጎ የወጣችበትን በጣታቸው እያሳዩ አለቀሱ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅሱ ልጆቹ ያዩት ያን ቀን ነው።

ቀጥላ እቴነሽ አወጣች። እሷ አገር አልዞረችም፤ ወረቀት ነው የፈለገችው። አክስቷ ዘንድ ሄዳ የእናቷን የድሮ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አነበበች፤ ከሙሽርነት ዘመን በተጻፈው ላይ የቦታውን ስም አገኘች፦ ሐሮ ጭሬ። ደመወዟ እንደሚቆረጥ እያወቀች ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታ ሄደች። የአገሩ ሽማግሌ ያንን የወንዝ ሙላትና የቆመውን የእህል መኪና ያስታውሱ ነበር፤ ቦታውን በምርኩዛቸው አሳዩዋት። ዝግባው ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። ሐይቁ ደርቆ ጎመን ተተክሎበታል። ድንጋዩንም ለቤት መሠረት ፈልጠውት የቀረው የጥጃው ጭራ በኩል ነው። «አባባ፣ ቦታው ይኸ ነው» አለች። አቶ ምንዳዬ በመነጽር አዩት፣ ያለ መነጽርም አዩት፤ ልባቸው ምንም አላላቸውም። የንጋቱ ሐይቅ ያለው ወላጆቻቸው ከቶ ባላለፉበት በሌላ መንገድ መሆኑንም እቴነሽ ካርታ አውጥታ አሳየች። ንጋቱ አልካደም። «አላጭበረበርኩም። አባባ የነገረንን ይዤ ፈለግሁ፣ የነገረንን አገኘሁ» አለ።

ውቢት በመጨረሻ ከዳዊቷ መካከል አንድ ፎቶ አወጣች። ፎቶው በዚያው ከተማ ዳር ያለው ኩሬ ነው፤ ሁሉም ያውቁታል፤ ከብት የሚጠጣበት ነው። ዝናብ እየወረደ ነው። በኩሬው ዳር በፕላስቲክ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ በስብሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጳጉሜ ሦስት፣ በታመሙበት ወቅት፣ ሐኪም ብርድ እንዳይነካቸው ብሎ፣ አቶ ምንዳዬም ከቤት እንዳይወጡ ብለው ከልክለው ሳለ፣ ውቢት «ለመርፌ ነው» ብላ አባቷን ዋሽታ እናቷን በባጃጅ ወስዳቸዋለች። የለመኗት እናቷ ራሳቸው ናቸው። እዚያ ተቀምጠው ውሃውን ሲያዩ ቆዩና «ዳግም አየሁት። ለአባትሽ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። ሳይነግሯቸው ሁለት ወር አልፎ ሞቱ።

ንጋቱ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«ያ ብርድ ነው የጨረሳት።»

እቴነሽ ጉልበቱን ያዝ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ወዲያው ግን እሷም፣ ሰው አይገባም የሚለውን ሕግ ያወጡት እናታቸው ራሳቸው እንደሆኑ፣ እዚያ «አየሁት» ሲሉ የሰማ ሌላ ሰው እንደሌለም ተናገረች። ውቢት ወደ አባቷ ብቻ ዞራ፦

«ሳቀች፣ አባዬ» አለች።

አቶ ምንዳዬ ሦስቱን ፎቶ ደርድረው እስኪመሽ አዩ። ያለቀሱበት ሐይቅ ያልረገጡት አገር ነው። የረገጡት አገር ደግሞ የማያውቁት የጎመን ማሳ ሆኗል። ሚስታቸው አየሁት ያሉት፣ ከቤታቸው የሩብ ሰዓት መንገድ፣ የከብት ኩሬ ነው፤ እሱንም ያዩት እሳቸውን ደብቀው ነው። አንድ ጊዜ ኮላውን ይከፍታሉ፣ አንድ ጊዜ ይከድናሉ። ውቢትን ይቆጡ ወይስ ያመስግኑ እንደሆን እንኳ ማወቅ አቃታቸው። ያስታወሱት ሁሉ ልክ ይሁን አይሁን መጠራጠር ጀመሩ። ምናልባት ጥጃ የሚመስለው ድንጋይ የሌላ ጉዞ ድንጋይ ይሆን? ሳቁስ?

ጎረቤት ተማከረ። የእድሩ ዳኛ ለእቴነሽ ፈረዱ፦ አባትየው ያሉት ያንን ቦታ ያመጣልኝ ነው፣ ያንን ቦታ ያመጣችው እሷ ናት፤ እውነት መልኳ ቢጠፋም እውነት ናት። ግድግዳ የሚጋሯቸው ወይዘሮ ሙላቷ ለንጋቱ አደሉ፦ የቀን መቁጠሪያው የሚሰቀለው ለሽማግሌው ዓይን ነው፣ ዓይናቸው የመሰከረው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ሰው በጎመን ማሳ እንዴት ይጽናናል? የንስሐ አባታቸው ደግሞ ጺማቸውን እያሻሹ፣ ስለቱ የሟች ነው፣ አየሁት ካለች ተፈጽሟል አሉ። ነገር ግን ውሸቱን እንዴት እንደሚያልፉት ሲጠየቁ፣ እሱ ለብቻው የሚታይ ነው ብለው ተነሡ።

አቶ ምንዳዬ መጨረሻ ላይ ያገኙት ዘዴ ይኸ ነው። ጳጉሜ የዓመቱ መጨረሻ ናትና አሥራ ሁለት ወር ጊዜ አለኝ አሉ። መቁጠሪያው አሥራ ሦስተኛው ገጽ ባዶ እንደሆነ ተሰቀለ። ሦስቱ ፎቶዎች ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ ማስመሪያው እንዳይበተኑ ከላያቸው ተጋደመ። ልጆቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። መስከረም ተገለጠ፣ ጥቅምት ተገለጠ። ንጋቱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይገባል፤ እቴነሽ በየእሑዱ ትደውላለች። ውቢት እዚያው ናት፤ ምሳ ታቀርባለች፣ የሦስቱን ፎቶ አቧራ ታራግፋለች፣ ቦታቸውን ሳታዛንፍ ትመልሳለች። ስለ ነገሩ ማንም አያነሣም፤ ወሩ በተገለጠ ቁጥር ግን ሁሉም ይቆጥራል።

እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬያቸውን የሰማሁት ዓመቱ ዞሮ ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ነው። የነገሩኝ ወይዘሮ ሙላቷ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ሲገቡ አቶ ምንዳዬ ከግድግዳው ሥር ቆመው የነሐሴን ገጽ በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ከሥር ያለችውን ባዶ ቦታ ያዩ ነበር አሉ፤ በሌላው እጃቸው ኮላውን ይዘዋል፤ ልጆቹ ሦስቱም በማግስቱ ይመጣሉ ተብሏል። ዘመኑ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማሁም።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ አባቱ የሚያስታውሱትን አመጣ፤ አንዷ እውነተኛውን አመጣች፤ አንዷ እናቷ ዳግም ያዩትን አመጣች። ገጿ አንዲት ናት፤ ማስመሪያውም አንድ ነው። ለማን ይገባል?