ደንገሎቹን ያነቀው ጋሽ ገመድ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ ዝጉት፤ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የሐይቅ ዳር ጤዛ» በሉኝ። ኧረ ጮክ በሉ፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ! እንዲያ ነው እንጂ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፉም ገመዱም አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ድርቅ ገባ። ሣሩ አለቀ። እመት ሚዳቋ የምትባል እናት ጡቷ ደረቀባት፤ አንድ ልጇ፣ ያ ግልገል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወተት ሳይቀምስ ቀረ። ሐይቁ መሃል ግን ሣሩ የማያልቅ ደሴት ነበር። ሽታው በነፋስ እየመጣ ግልገሉን በሕልሙ ያስግጠው ነበር።

«ዛሬ ካልተሻገርን ልጄ ይሞትብኛል» አለችና በማለዳ ወደ ታንኳ ቀዛፊዋ ወደ እመት ጦጢት ሄደች።

የጦጢት ታንኳ ከደንገል የተሠራች ናት። ደንገል እዚያው ሐይቁ ውስጥ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው፤ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በገመድ ይታሰራል። እነዚህን ደንገሎች ያሰራቸው ጋሽ ገመድ ነው። ኩራቱን ብታዩ! «እኔ ባልኖር እናንተ ማገዶ ነበራችሁ» ይላቸዋል በየቀኑ።

ሦስቱም ተሳፈሩ። ጉሙ ሐይቁ ላይ ተኝቷል፤ ውሃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ታንኳዋ በደመና ላይ የምትሄድ ትመስል ነበር። ደንገሎቹ ውሃው ሲነካቸው ሽ… ሽ… ሽ… አሉ።

«ምን ያንሾካሽካችኋል?» አለ ጋሽ ገመድ።

«የተወለድንበት ውሃ ነካን ጋሼ፤ ደስ ብሎን ነው።»

«ደስታ ሥርዓት ያበላሻል!» አለና ጠበቅ አደረጋቸው። አንድ ዙር ጨመረ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ደንገሎቹ ውሃ መጠጣት ጀመሩ። ሆዳቸው ነፋ ነፋ አለ። አንዱ ደንገል ወደ ጎን ወጣ አለ።

«ኧረ ጋሽ ገመድ፣ ይኼ መቅዘፊያዬን ገፋብኝ! ምነው ዝም አልካቸው?» አለች ጦጢት።

«እኔ ነኝ ዝም የምል?» አለና ጠበቅ አደረጋቸው። ሌላ ዙር ጨመረ።

ከዚያ ጉሙ እንቅልፍ አመጣ። ደንገሎቹ አሸለባቸውና ሕልም አዩ። በሕልማቸው ሥር አላቸው፤ ወፍ አናታቸው ላይ አርፋ ወዲህ ወዲያ ትወዘውዛቸዋለች። እነሱ ሲወዛወዙ ታንኳዋም ተወዛወዘች፤ ግልገሉ ትንሽ ሸርተት አለ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች እመት ሚዳቋ። «ጋሽ ገመድ፣ በሞቴ፣ ጠበቅ አድርጋቸው!»

አንጋፋው ደንገል ነቃ። «ተይ እመት ሚዳቋ። እኛ ውሃ ስንጠጣ እንወፍራለን። ቦታ ከተተወልን ራሳችን ጠበቅ እንላለን፤ ቦታ ካጣን ግን…»

«ዝም በል! ሕልም ማየትም ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው!» አለ ጋሽ ገመድ።

«ጠበቅ! ጠበቅ አድርጋቸው!» አለች እናት። ልጇ ነዋ፣ ምን ታድርግ!

ጋሽ ገመድ ሳበ፣ ሳበና ቋጠራቸው። ሹክሹክታው ቆመ። ውዝዋዜው ቆመ። ሕልሙም ቆመ። «አያችሁ፣ ሥርዓት ማለት ይኼ ነው» አለ እየተንጠራራ። ውሃ ግን ትእዛዝ አይሰማም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ደንገሎቹ ወፈሩ፣ ወፈሩ፣ ወፈሩ… ጧ!

ጋሽ ገመድ ተበጠሰ። ደንገሎቹ ተበተኑ። ግልገሉ ቦጭ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ፤ እናቱና ጦጢትም ተከትለው ወደቁ።

«ወየው ልጄን!» እናትየው ውሃውን በእግሯ እየመታች አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያስጠበቅሁት! እኔው ነኝ!»

አንጋፋው ደንገል ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ከግልገሉ ሆድ ሥር ገባ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላውም ተከተለ። ጋሽ ገመድ ከጦጢት መቅዘፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፁ ቀጥኖ፣ «ልጆቼ፣ አትተዉኝ» አለ።

«ና ጋሼ፣ ያዘን» አለ አንጋፋው። «ያለ አንተማ እንበታተናለን፣ ግልገሉም ይሰምጣል። ግን አንድ ዙር ብቻ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውልን።»

ጦጢት ጣቷን አስገባች፤ ጋሽ ገመድ በጣቷ ላይ አንድ ዙር ዞረ። ጣቷን ስታወጣ ደንገሎቹ የቀረችውን ቦታ ውሃ እየጠጡ ሞሏት። ማንም ሳይስባቸው ራሳቸው ጠበቁ። እናትየውና ጦጢትም ታንኳዋ ላይ ወጡ፤ ጉሙ ሲገለጥ ደሴቱ ደረሱ።

እመት ሚዳቋ ጋጠች፣ ጡቷም ወተት ያዘ፤ ግልገሉ ጠባ፣ ጠገበ። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። ግልገሉን በፊት እግሯ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

«እማዬ፣ አነቅሽኝ» አለ ግልገሉ።

ከዳር ተስባ ፀሐይ የምትሞቀውን ታንኳ አየችና እግሯን ላላ አደረገች። ግልገሉ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ ሦስት ሄደ፤ ሣሩን አሸተተ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ተመልሶ እግሯ ሥር ገብቶ ተኛ።

ነገር ሲከር ይበጠሳል ይባል የለ? እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ተዉ።