ዋልካውን አደብ ያስገዛው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ጥቁር የዋልካ መሬቱ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ የሚሰነጠቅ አንድ መንደር ነበር። ጤና ጣቢያው ሁለቴ ተሠርቶ ሁለቴም ተተረተረ። ወላድ በቃሬዛ ወንዝ ማሻገር የሰለቻቸው ሽማግሌዎች፣ «ይህን ዋልካ አደብ ላስገዛ ሰው፣ ጤና ጣቢያው በስሙ ይጠራል» ብለው ማሉ። በአንድ ሰው ስም ብቻ! በዚያ አገር ድልድዩም ወፍጮውም እንዲሁ ነው፤ «ሁለት ስም ያለው ነገር ባለቤት የለውም» ይላሉ።

ይህን ሲሰማ የይርዳው ልብ ዘለለ። ይርዳው ዩኒቨርሲቲ የተማረ መሐንዲስ ነው። ድሮ፣ ጥቁር አፈርን በኖራ ስለማጠንከር የጻፈውን ጥናት አለቃው ስሙን ፍቆ የራሱ አድርጎት ተሸልሞበታል። ያን ቀን የዋጠው ነገር እስከ ዛሬ አልወረደለትም። አሁን አፈሩን በየጣሳው ከኖራ ጋር እየለወሰ፣ ውሃ እያጠጣ ሲሞክር ሰነበተና አንድ ማለዳ አደባባይ ሮጦ ወጣ።

«አገኘሁት! ለመቶ እጅ አፈር ስድስት እጅ ኖራ! አያብጥም!»

«ጣሳ ላይ ቤት አይቆምም፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌዎቹ። «መሬት ላይ አሳየን።»

መሬት የሚሰጥ ግን ጠፋ። ኖራ የነካውን መሬት ማን ያርሳል?

ጋሽ ድንበሩ ከጎጇቸውና ከጓሯቸው በቀር መሬት የሌላቸው ገበሬ ናቸው። ጎጇቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱና፣ «ከያዘልህ ጤና ጣቢያው እዚሁ ይቁም» አሉ።

«ካልያዘስ የት ልንገባ ነው?» አሉ ሚስታቸው።

«ይርዳው ጫንቃ ላይ!»

ኖራውንም በራሳቸው አህዮች ከገደል ሥር ካለው የኖራ ማቃጠያ አመላለሱ።

እትዬ አሰገደች ሸክላ ሠሪ ናቸው። አፈሩ ከኖራው ተለውሶ ውሃ እንደጠጣ፣ ይርዳው «ሳይደርቅ ጠቅጥቁት!» እያለ ሲጮህ፣ እሳቸው አንዱን ጓል በጣታቸው ጫን አደረጉት። አልፈረሰም።

«ገና ጥሬ ነው። ሁለት ቀን ይደር። እኛ ጭቃ ሳናሳድር ጋን አንሠራም።»

«እትዬ፣ ይሄ ጋን አይደለም!»

«አፈር ግን ነው፣ የኔ ሊቅ።»

ሰዉ ምሳ በልቶ ሲመለስ አንድም መጠቅጠቂያ የለም። ይርዳው በንዴት ድንጋይ አንሥቶ አንዷን ጥግ ብቻውን ሲወቅጥ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አሰገደች መጠቅጠቂያዎቹን ከደበቁበት ከሸክላ ማቃጠያ ጉድጓዳቸው አወጡ። ያደረው ጓል ሁሉ እንደ ዱቄት ተፈርክሶ ነበር። ጠቀጠቁት፣ ግድግዳም አቆሙበት።

ክረምቱ ገባ፤ ዘነበ፣ ዘነበ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም! ሰዉ እየጨፈረ «ይርዳው! ይርዳው!» አለ። ስሙ ነው፤ በስንት ዓመቱ በሰው አፍ ተጠራ። እሱ ግን ያቺን ጥግ አያት። የወቀጣት ጥግ አብጣ ተሰንጥቃለች። ከእሱ በቀር ልብ ያላት የለም።

 ከዚያ ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥጓ ወሰዳቸው።

«ይቺ ሳላሳድር የወቀጥኳት፣ የኔ ናት። ሌላው የእትዬ ነው» አለ። «ግን ያለኔ ኖራ አንድ ክረምት አይቆምም ነበር። ስሜ አንዴ ተፍቋል፤ ዳግመኛ አይፋቅብኝ።»

«የሸክላ ሠሪ ስም በዚህ መንደር ለስድብ እንጂ ለበጎ ተጠርቶ አያውቅም» አሉ አሰገደች።

«እኔ ደግሞ ክረምቱን በሰው በረት አሳለፍኩ» አሉ ድንበሩ።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ዋርካው ሥር ይከራከራሉ፤ በሩ ላይ ስም የለም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ጤና ጣቢያው በማን ስም ይጠራ?