ከአስተዳዳሪው የወጣ

ከከተማው ዳር ጎመን የምታለማ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ከትልልቅ ሰዎች ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጥጠው መኪና፣ መንገድ ስለሚያጥርለት ዝቃጩን እሷ ማሳ አጠገብ ያራግፋል። እሷም በፀሐይ ታደርቀውና በተከደነ በርሜል አቃጥላ ከሰል ታደርገዋለች፤ ከዚያ ፈጭታ ከአፈሩ ጋር ትቀላቅለዋለች። ያ የተራቆተ መሬት በሁለት ክረምት እንዲህ ሲለመልም የአስተዳዳሪው የአቶ ጠናጋሻው ዐይን አረፈበት።

አንድ ጠዋት አቶ ጠናጋሻው መንደርተኛውን ሰብስበው መጡ። ምንም በማይሸት ማሳ መሀል ቆመው፣ በሽቶ በነከሩት መሐረብ አፍንጫቸውን ያዙ።

«አንቺ ሴትዮ! አፈርሽ ውስጥ የጨመርሽውን በራስሽ አፍ ተናገሪ። ከሰል ነው ካልሽ፣ ሕዝብ ፊት ዋሽተሻል። ዐይነ ምድር ነው ካልሽ ደግሞ ሕዝብ እየመረዝሽ ነው። ያም ሆነ ይህ መሬቱን ትለቂያለሽ!» አሉ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ከጥቁሩ ዱቄት አንድ እፍኝ ዘገነች፤ አሸተተችውና እጇን ወደ መሐረቡ ዘረጋች።

«ሁለቱም ነው ጌታዬ። ይኼ አምና በመጋቢት ከእርስዎ ግቢ ተመጥጦ የመጣው ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ዘጠኝ ዓመትዎ፤ ከእርስዎ ወጥቶ ለዚህ ሕዝብ የጠቀመ ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የጠቀመው እኔ ካቃጠልኩት በኋላ ነው።»